አስጠሊታዋ ዝንብ

ሰው ሁሉ ዝንብ ያባርራል፤ የኔ አክስት ትሠራለች። ጉድ እኮ ነው! በትንሿ ማጥበቂያ ሞርሳ የዓሣ መንጠቆ ትይዝና ክር፣ ላባ፣ የጥንቸል ፀጉር እየጠቀለለችበት ዝንብ ታስመስለዋለች። ዓሣው የእውነት መስሎት ሲውጥ አለቀለት። ከእሷ ጋር ስለምኖር ሰፈርተኞቹ እኔንም አልማሩኝም። ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታችን «የዝንቧ ልጅ መጣች!» ስትል ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። ደግነቱ የፀጉር ሙያዋን ልታስተምረኝ ነው፤ ሰኞ እጀምራለሁ። ሻምፖ ሻምፖ የሚሸት ሥራ፣ እፎይ!

ቤታችንማ አይነሳ። ጠረጴዛው ላይ የደረቀ የአውራ ዶሮ አንገት ከነቆዳው፣ አጠገቡ የጥንቸል ጆሮ፣ ከዚያ ቁርሳችን። አንድ ቀን ከሻዬ ውስጥ ላባ አውጥቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ዝንቦቹን የሚረከበን ባለሱቅ በፌስታል ዓሣ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ የወንዙ ዓሣ ዝንቦቻችንን አልነካም አለ። ደንበኞቼ ሊበሉኝ ነው። ይሄን በመረብ ነው ያገኘሁት። የሚወደውን አይተው ይሥሩልኝ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ።»

ገና በሩን ሳይዘጋ አክስቴ የዓሣውን ሆድ በመቀስ ቀደደችው።

«እንዴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«የበላውን ሳላይ ምን ላበላው ነው?»

ጨጓራውን ጨምቃ ጥቁር ዝቃጭ ነጭ የሻይ ሳህን ላይ አፈሰሰች። የኔን ሳህን! ውሃ ጠብ ስታደርግበት እግር፣ ክንፍ፣ ግማሽ ጭንቅላት ተንሳፈፈ። እሷ ሳህኑን መስኮቱ ጋ ወስዳ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ አጎነበሰች። ቆየች። በጣም ቆየች።

«ቡናማ ነው፣ አይደል?»

«ኧረ አረንጓዴ ነው! ጭቃ የነካው አረንጓዴ። ጅራቱ ደግሞ አመድማ።»

ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ለባለሱቁ እንዳትነግሪው። ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል፣ ቀለም አልለይም። ካወቀ ሥራውን ማዶ ላለው ዝንብ ሠሪ ይሰጠዋል። ከዚያ እኔና አንቺ ምን ልንበላ ነው?»

ሞርሳው ፊት ተቀመጥኩ። ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት። አረንጓዴ ክር ጠቀለልኩ፣ ክንፉን አበጠርኩ፣ የሚያብለጨልጭ ነገርም ጣል አደረግኩበት። ጆሮ ላይ ቢንጠለጠል ያምራል! አክስቴ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይቺ ሰው ታጠምዳለች፣ ዓሣ ግን አታጠምድም። ሳህኑ ላይ ያሉት ተበጥረዋል?»

«ኤጭ! ተጨማልቀዋል እንጂ።»

«ታዲያ አጨማልቂያታ! የወንዟ ዝንብ ከቅርፊቷ ገና እየወጣች ነው፤ ተጣብቆባት ትፍጨረጨራለች። ዓሣ መብረር ያልቻለችዋን ነው የሚፈልገው።»

ፈታሁት። ከጥንቸሉ ጆሮ ፀጉር ቧጥጬ ከክሩ ጋር አጠማዘዝኩ። ሽታው! አንዱን ክንፍ ከግማሹ ቆረጥኩ፣ ሆዷን በመርፌ ጎርጉሬ አንጨባረርኩት። ሳያት ሰቀጠጠኝ። አክስቴ ስትዳስሳት ግን ፊቷ በራ።

«ታስጠላለች» አለች፤ ምርቃት ነው የሚመስለው።

ባለሱቁ ተመልሶ አገላብጦ አያት።

«ወይ ጉድ፣ ራሷ ናት! እትዬ፣ እስቲ አንድ እዚሁ ይሥሩልኝ። ቪዲዮ አንስቼ ለደንበኞቼ ላሳይ።»

ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። የአክስቴ እጅ በላያቸው ወዲያ ወዲህ አለ። ቡናማውን አነሳች።

ሰኞ ታየኝ፣ ከነሻምፖው። ደህና ሁን አልኩት በሆዴ።

«ጋሼ» አልኩና ክሩን ነጠቅኳት፣ «እሷ አለቃ ናት፤ ሠሪዋ እኔ ነኝ። እኔን ይቅረጹኝ።»

«አንቺ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓሣዎቹ እርስዎን ከሰለቹ ጀምሮ።»

አክስቴ ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ። ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ ተወችው።

ሰውየው ሳቀ። «ምላስሽን ያህል እጅ ካለሽ ለቅዳሜ ሃምሳ ሥሪልኝ» ብሎ ስልኩን ደቀነ።

አረንጓዴውን ጠቀለልኩ፤ ፀጉሩን፣ ክንፉን። ቀረ የመጨረሻው ቋጠሮ። ቋጠሮ ሳይርስ ከተሳበ ክሩ ይበጠሳል፤ አክስቴ ሁሌ በምላሷ ነው የምታርሰው። ጣቶቼን አየኋቸው፦ የዓሣ ጨጓራ፣ የጥንቸል ጆሮ፣ ሌላም የማላውቀው ነገር። ስልኩ ይጠብቃል።

ዓይኔን ጨፍኜ ቋጠሮውን ላስኩትና ሳብኩት። ጠበቀ።