የበያጁ ቆሽት

በያጁ ወባ ይዞት ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ፣ ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መድኃኒቱ ተጀምሮለት ትኩሳቱ በረድ ሲል፣ ተመስገን ሳትል ሆዱን አመመው። ሕመሙ ወደ ጀርባው እየዘለቀ እጥፍ ያደርገዋል። ተረኛዋ ሐኪም ምክንያቱ እስኪታወቅ ግሉኮሱ ይበቃዋል፣ ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ ብላ አዘዘች።

ሐኪም ያዛል፤ እናት ግን እናት ናት። አማቷ ልጄን በረሃብ ሊፈጁት ነው ብለው፣ ቅባቱ ከላይ የተንሳፈፈ የሥጋ ሾርባ በፔርሙስ ሸሽገው ከች አሉ። ልብስ ሰፊዋ ፈራ ተባ አለች፤ አማትን ፊት ለፊት እምቢ ማለት የሚችል አንደበት ያላት ምራት ካለች ትቅረብ። እሳቸው በሩን ሲጠብቁ እሷ አጠጣችው። ጥርግ አድርጎ ጠጣ፤ ሁለቱም ደስ አላቸው።

ደስታቸው አልሰነበተም። በያጁ ሆዱን ይዞ ጮኸ፤ ወዲያው አስመለሰው። ተጠርቶ የመጣው ቀዶ ሐኪም ሆዱን ሲዳስሰው ጣውላ ሆኗል፤ አንጀቱ ሳይበሳ አይቀርም፣ አሁኑኑ ይከፈት አለ። አልጋው መገፋት ጀመረ። አማቷ ክንዷን ቆንጥጠው በጆሮዋ "ዋ! ትንፍሽ እንዳትይ" አሏት። እሷን ያለቦታው የተቀደደ ጨርቅ እንኳ ያንገበግባታል፣ እንኳን የባሏ ሆድ። ብትናገር ከአማቷ ጋር ዕድሜ ልክ መኳረፍ ነው። እንግዲህ ያኩርፉ!

"ቆዩ!" አለች የአልጋውን ብረት ጨብጣ። "ሾርባ አጠጥቼዋለሁ። እሱን ጠጥቶ ነው የባሰበት።"

ስድብ ስትጠብቅ የተረኛዋ ሐኪም ፊት በራ። ሰውየው መጠጥ የሚባል በአፉ ስለማይዞር፣ መጠጥ የሚጎዳውን ቆሽቱን ማንም አላሰበውም ነበር፤ ቅባት ሲቀመስ የሚብሰው ግን የቆሽት ሕመም ነው። ሐኪሟ ቀዶ ሐኪሙን አስቁማ፣ ራጅ እንዲነሳ አዝዛ፣ ደሙን ቀድታ፣ ራሷ ወደ ላቦራቶሪ በረረች። ልብስ ሰፊዋ በኮሪደሩ ስትንቆራጠጥ ጫማዋ ከእግሯ መውለቁን እንኳ አላወቀችም።

ሐኪሟ እያለከለከች ተመለሰች። "ቆሽቱ ነው! ወባው ቆሽቱን አስቆጥቶታል። አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ራጁም አንጀቱ ደህና ነው ይላል፤ ቢላ አያስፈልገውም።"

"ቆሽቱን የምታሳርረው ማን እንደሆነች እኔ መች ጠፋኝ" አሉ አማቷ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ በኋላ ግን አኩርፈው፣ ምራታቸውን ቀና ብለው ሳያዩ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ እያዩ ሰነበቱ።

ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት በያጁ ዓይኑን ገልጦ "ራበኝ" አለ። ልብስ ሰፊዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የሌሎቹ በሽተኞች ነገር ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። ሮጣ ሐኪሟን አመጣች። ሐኪሟ ሆዱን ጫን ጫን አድርጋ አየችና በትንሽ በትንሹ ውሃ ይጀምር አለች።

አማቷ ተሽቀዳድመው ብርጭቆውን አነሱ። ወደ ልጃቸው አፍ ሊያደርሱት ሲሉ እጃቸው ቆመ። ዞረው ለምራታቸው ሰጧት።

"አንቺ ስጪው ልጄ" አሉ። "የኔን እጅ አላምነውም።"