ስለ ዌይድ ክንድ ዝም ሲባል

ዘንድሮ የከተማችን የቤዝቦል ቡድን፣ የኬንሪክ አንጥረኞች፣ ኳስ መምታት ረስተዋል። ተዳከሙ አላልኩም፤ ረስተዋል ነው ያልኩት። እጃቸው ላይ ያለው ዱላ ለጌጥ ይሁን ለምርኩዝ የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ እሁድ ከፍዬ እየገባሁ፣ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ፣ ይህንን አያለሁ። ማን አስገደደሽ በሉኝ።

የምቀመጠው ከመምቻው ቦታ ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር ኋላ ካለው መደዳ ላይ ነው። በቀኜ ኤርቪን አለ፤ ከብረት ፋብሪካ ጡረታ የወጣ። በግራዬ ኦቲስ፤ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ከተማ ፖስታ ሲያድል የኖረ። እኔ ቬርና እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ድምፄም የሹፌር ድምፅ ነው። ሦስታችን እዚያ መደዳ ላይ አብረን ስንናደድ ፀጉራችን ሸብቷል።

በዚያ የኦገስት እሁድ ከሎውደን ቡድን ጋር ነበር የምንጫወተው። ጨዋታው ሳይሞቅ ክርክሩ ሞቀ።

«ችግሩ ውርወራው ነው» አለ ኤርቪን፣ የሱፍ ልጣጭ ወረቀት ብርጭቆው ውስጥ እየተፋ። «ከዌይድ ሌላ ወርዋሪ አለን? ባለፈው እሁድ ያወጡት ጎረምሳ እኮ ኳሱን አይወረውርም፤ መቺዎቹን ያጎርሳቸዋል!»

«አንተ ደግሞ!» አለ ኦቲስ። «ወርዋሪ ነጥብ ያስቆጥራል እንዴ? እነዚህን መቺዎች ዱላውን ቀምተህ መጥረጊያ ስጣቸው። ቢያንስ ሜዳው ይጸዳል።»

«መጥረጊያውንም ይስቱታል» አልኩ።

ኤርቪን እስኪያስለው ሳቀ። ሳቃችን ግን የንዴት ሳቅ ነው። ያኔም የምንመራው በአንድ ነጥብ ነበር፤ እሷንም የሰጡን ሎውደኖች ራሳቸው ናቸው፤ ኳስ ከተከላካያቸው ጓንት ሾልካ አምልጣ።

ሜዳው መሃል ካለው የወርዋሪ ጉብታ ላይ ቆሞ የሚወረውረው ዌይድ የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ስትሞት ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናቱ ሕመሟን ለማንም ሳትተነፍስ ይዛ ይዛ፣ ስትናገር ጊዜው አልፎ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ከመቃብሯ አጠገብ ቆሜ ነው የተማርኩት። ልጇም እሷን ነው የወጣው። ሲጠየቅ አይዋሽም፤ ካልተጠየቀ ግን ቢገድሉትም አይናገርም።

በመጪው ጸደይ አንድ ትልቅ ክለብ ለሙከራ ጠርቶታል። ለዚህ ልጅ ከኬንሪክ የሚወጣበት በር ያ ቀኝ ክንዱ ነው፤ ሌላ በር የለውም። ባለፈው በበረዶው ወራት ግን ክርኑ አብጦ ነበር። ሐኪሙ «ጣቶችህ ከደነዘዙ በዚያችው ቅጽበት አቁም፤ ገፍተህ ከወረወርክ ጅማቱ ይበጠሳል» ሲለው አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አሰልጣኙ ሃርመንም ያውቃል። ስለዚህ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር ዌይድ ወደ ተጫዋቾቹ አግዳሚ ሲመለስ «ክንድህስ?» ይለዋል። ዌይድም እውነቱን ይነግረዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር።

አምስተኛው ዙር ሲያልቅ ግን ከሎውደን መቺዎች አንድም ሰው የዌይድን ኳስ በደንብ መትቶ ቤዝ፣ ማለትም የሯጮቹን ማረፊያ፣ አልረገጠም።

ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር ነው፣ በየዙሩም ሦስት መቺ ይወጣል፤ የሚወደው ሁሉ ወጉንም ያውቀዋል። ጨዋታው ተጋምሶ ወርዋሪው እስካሁን ካልተመታ፣ ነገሩ አይነሳም። «አልተመታም» የሚለው ቃል አይጠራም። ወርዋሪውን የሚያናግረው የለም፤ አጠገቡም አይቀመጡም። የተናገረ ሰው ያበላሸዋል። ኬንሪክ ውስጥ ዘጠኙንም ዙር ሳይመታ የጨረሰው የመጨረሻው ሰው ስሙ በሜዳው አጥር ላይ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ረግፎ ፊደሉ ሊጠፋ ደርሷል። እኛም ሌላ ስም የምንቀባበትን ቀን ስንጠብቅ አርጅተናል።

መደዳችን ጸጥ አለ። ኤርቪን ሱፍ መላጡን ተወ። ኦቲስ ሽንት ቤት መሄድ አምሮት እግሩን አነባብሮ ይቁነጠነጣል እንጂ ከቦታው አይነሳም፤ ቦታ መቀየርም ያበላሻላ! እኔም ዝም አልኩ። ወጉ የእኔም ነው፤ ከእነሱ የተለየሁ አይደለሁም።

ስድስተኛው ዙር አልቆ ዌይድ ወደ አግዳሚው ሲመለስ ጓደኞቹ ተጠጋግተው ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። ሃርመን የጫማውን ክር አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ዌይድን ግን አላየም። «ክንድህስ?» አላለውም።

በሰባተኛው ዙር አንድ ኳስ ወርውሮ ሌላውን ከመቀበሉ በፊት ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ሲያሻሽ አየሁት። ጣቶቹን ዘረጋ፣ ጨበጠ፣ እንደገና ዘረጋ። ያንን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፤ በረዶው ሲጥል የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው እንዲሁ ያደርግ ነበር።

«ኤርቪን፣ ጣቶቹን አየሃቸው?»

«ምንም አላየሁም።»

«ደንዝዘዋል እኮ! ክንዱ...»

«በእናትሽ፣ ቬርና! ዝም አይነቅዝም።»

«የማወራው ስለ ክንዱ ነው፤ ስለ ሌላው ነገር አይደለም።»

«ሌላው ነገር ስትይ ምን ማለትሽ ነው? ይኸው፣ አፍሽ ላይ ደረሰ!» አለና እጁን ፊቴ ላይ አራገበ። ኦቲስ ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ሰካ። ይህን ያህል ዕድሜ የጠገበ ሰው፣ ጣቱን ጆሮው ውስጥ!

ዌይድ ዙሩን እንደምንም ጨረሰ። የእኛ መቺዎች ተራ ደረሰ፤ ይውጡ አይውጡ ምን ለውጥ አለው? አንደኛው አየር ቀዝፎ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። እነሱ ጥቂት ነጥብ ቢጨምሩ ኖሮ ልጁ በአንዲት ነጥብ ላይ አንጠልጥሎ ይህን ሁሉ ጭንቅ አይሸከምም ነበር። ተነሳሁና በአጥሩ ጥግ ወደ አግዳሚው ወረድኩ።

ዌይድ ጫፉ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድማለች፤ በግራው አንጓዋን ይዟታል።

«ሃርመን!» አልኩ በሽቦው በኩል።

አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ።

«ሃርመን፣ ጠይቀው! እንደ ወትሮው ጠይቀው፤ ሌላ ምንም አላልኩህም።»

«ሂጂ ተቀመጪ» አለ ሳይዞር፣ በሹክሹክታ። «እኔ በዚህ ልጅ መንገድ ላይ አልቆምም። አመመኝ አላለም።»

«ጠየቅከው?»

የኮፍያውን ጠርዝ ወደ ታች ሳበ። ሦስተኛው መቺያችን ስቶ ወጣ፤ ዌይድም ፎጣውን ጥሎ ተነሳ። ሲያልፍ አላየኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ስምንተኛው ዙር ተጀመረ። የመጀመሪያው መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ አጉኗት ተያዘችበትና ወጣ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ለሁለተኛው ዌይድ የወረወረው ኳስ ከመቺው ጀርባ ባለው ተቀባይ ራስ ላይ አልፎ እኛው ፊት ያለውን ሽቦ መታ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወረውር አይቻለሁ፤ እንዲህ ስቶ አያውቅም። ኤርቪን «አይዞህ፣ አመለጠችው ነው» አለ፤ ለራሱ ይሁን ለእኔ እንጃ። ጉብታው ላይ ዌይድ እጁን አራገፈ። ክርኑን በግራው ያዝ አደረገና ማንም እንዳያየው ቶሎ ለቀቀው።

ያን ጊዜ ሁሉም አስጠሉኝ። ሃርመን አስጠላኝ፤ ጆሮውን የደፈነው ኦቲስ አስጠላኝ፤ ያ የረገፈ ቀለም ያለበት አጥር አስጠላኝ። ያ ሁሉ ሰው ልጁን እያየው ነበር፤ ያየው ግን የለም። ከሁሉም በላይ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩት እኔ አስጠላሁኝ። ተነስቼ ሽቦውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ዌይድ!» አልኩ በሹፌር ድምፄ። «ዛሬ ማንም አልመታህም! አንድም ሰው! ይኸው ተናገርኩት፤ ወጉ ፈርሷል፤ የምትጠብቀው ነገር የለም! ክንድህን ለአሰልጣኝህ ንገረው!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም። እያወቅኩ ነው የለቀቅኩት።

ዳኛው ሳይቀር ጭምብሉን አንስቶ አየኝ። ከኋላዬ ቢራ ያለበት ብርጭቆ መጥቶ ጀርባዬን አራሰው። «ምን አደረግሽ? አንቺ ሴት፣ ምን አደረግሽ?» ይላል ኤርቪን፤ ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው። ዌይድ ከጉብታው ላይ አየኝ። እንዲያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፤ ዳግመኛም እንዲያየኝ አልፈልግም።

ከዚያ በንዴት ወረወረ። ኳሷ ግን ንዴቱን አልያዘችም፤ ለስላሳ ሆና መሃል ለመሃል መጣች፤ የሎውደኑ መቺም ከቀኙ ተከላካይ ራስ በላይ አሻገራትና ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ሕዝቡ እህህ አለ።

ሃርመን ከአግዳሚው ወጣ። አሁን ተፈቅዷላ! ጉብታው ላይ ደርሶ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ክንድህስ? ዌይድ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ኳሷን አስረክቦ ወረደ።

የቀረውን ማውራት ምን ያደርጋል? ያ የሚያጎርሰው ጎረምሳ ገባና ሎውደኖችን አጎረሳቸው፤ ሁለት ነጥብ ወሰዱ። የእኛዎቹ በዘጠነኛው ዙር ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመው ተመለሱ። ተሸነፍን።

«ልጁ ሊጨርሰው ነበር» አለ ኦቲስ፣ ወደ እኔ ሳይዞር። «ስሙ አጥሩ ላይ ይጻፍ ነበር።»

«ስሙን አጥር ላይ ትቀቡለትና እሱስ? ቀሪ ዕድሜውን አጥሩን እያየ ከእናንተ ጋር ሱፍ ሊልጥ ነው?»

«ከእንግዲህ ሌላ መደዳ ፈልጊ፤ እዚህ ቦታ የለሽም» አለ ኤርቪን።

«እፈልጋለሁ! ዝም አይነቅዝም አልከኝ አይደል? ሲነቅዝ በዓይኔ አየሁት። በእህቴም አየሁት፤ ዛሬም አየሁት። ከፈለግክ ቁጭ ብለህ ጠብቀው!»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ያን መደዳ ግን እወደዋለሁ።

መኪናዬ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩት። ዌይድ ሻንጣውን በግራ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ ሰዎቹ ሲያጽናኑት ሳይመልስላቸው መጣ።

«እንዳታናግሪኝ» አለ።

«እሺ።»

«አምስት ሰው ነበር የቀረኝ። አምስት! በሕይወቴ አንዴ የመጣ ነገር ነው፤ ቀማሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምንም አታውቂም! እናቴ ብትሆን ዝም ትል ነበር።»

«አዎ፣ ትል ነበር» አልኩ። «ዝም እንዳለች አይደል የቀበርኳት?»

ፊቱ ቀልቶ ወደ መኪናው በር ዞረና በለመደው ቀኝ እጁ መያዣውን ያዘ። ጣቶቹ አልታጠፉም። እንደገና ሞከረ፤ እጁ ከብረቱ ላይ ተንሸራታ ወረደች። ሻንጣውን መሬት ላይ ጣለና እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ቆሞ ተመለከታት። ልረዳው ፈለግኩ፤ ግን ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

«ክፈቺልኝ» አለ በመጨረሻ።

ከፈትኩለት። ገባና በግራ እጁ በሩን መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ደርግሞ ዘጋው። ሻንጣውን ከኋላ ጭኜ ገባሁ፤ ሞተሩን አስነሳሁ። ከማቆሚያው መውጫ ላይ በግራ ወደ ቤት፣ በቀኝ ወደ ሆስፒታሉ ነው።

«ክንድህስ?» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ አሁንም እንደተናደደ ነው።

«አይሰማኝም» አለ።

በቀኝ ታጠፍኩ። ከፊታችን የኤርቪን አሮጌ መኪና እየተንፏቀቀ መንገዱን ይዞታል፤ ጥሩንባ ነፋሁበት፤ አልተንቀሳቀሰም፤ አልፌው ሄድኩ። ትልቁ መብራት ጋ ስንደርስ ዌይድ ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ።

«ከስድስተኛው ዙር ጀምሮ ነው፣ አክስቴ» አለ፤ ሳልጠይቀው።