ቅቤና ኦክስጅን

ጉያቱ ሰም ማቅለጥ የጀመረች ሰሞን የነገሌ ሰው «ዛር ይዟታል» ብሎ አማት። ይበል። ነገሌ ሥራ ሲፈታ ያማል፤ ሥራ ሲኖረውም እየሠራ ያማል። እሷ ግን ጤነኛ የብየዳ መምህርት ናት፤ ዕድሜዋም ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገዛ እጇ የሠራችውን የሮኬት ሞተር በገዛ እጇ ማስነሳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና አየሩን እየሄደ ከውጭ ይስባል፤ ሮኬት ግን የሚተነፍሰውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንድ የሚነድ ነገር ያስፈልገዋል፣ አንድ ደግሞ የሚያነድ። የሚያነደው አላስቸገራትም። የጓደኛዋ የዩኑስ ጋራዥ ውስጥ የብየዳ ኦክስጅን አለ፣ ዩኑስም እሺ ካለ ወደኋላ የሚል ሰው አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንከራተታት የሚነደው ነው። ኢንተርኔት ላይ እንደ እሷ ያበዱ ሰዎች ያልሞከሩት የለም፤ አንዱ ስኳር ያነዳል፣ አንዱ ጎማ፣ አንዱማ ቋሊማ አንድዶ ፎቶ ለጥፏል። እሷም የተቀደደ ጀሪካን ሞከረች፤ ሰፈሩን አገማና ቀረ። ሻማ አቅልጣ አፈሰሰች፤ ሲቀዘቅዝ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ከቦሬ የማር ሰም አስመጣችና መሃሉን እንደ ቧንቧ ክፍት አድርጋ ጋገረችው። ሰሙ ከጀሪካኑ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ነደደ።

ለምን? ይህቺ «ለምን» እህል አላስቀምስ አለቻት። ስታነብ፣ ስትጠይቅ ከርማ ደረሰችበት፤ ሰሙ ሲነድ ገጹ ይቀልጣል፣ ኦክስጅኑ በላዩ ሲነፍስ የቀለጠውን በደቃቅ ጠብታ እየበተነ ይወስደዋል፣ ጠብታው ሁሉ ለየብቻው ይነዳል። ይህን ያወቀች ዕለት ተማሪዎቿን ስለ ብየዳ ልታስተምር ገብታ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሰም አወራቻቸው።

ትንንሾቹን ሙከራዎች ጋራዡ ግቢ ውስጥ አድርጋለች። የትልቁ ሞተር ግን ሌላ ነው። ነገሌ የጦር ካምፕ ያለበት ከተማ ነው፤ ሳያስታውቁ አንዳች ነገር ማስጮህ አይቻልም። ስድስት ወር ደብዳቤ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቅዳሜ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ተፈቀደላት። ሃምሳ አለቃ ጥሩሰው የሚባል ወታደርም ሰዓቱን እንዲጠብቅ ተላከ። ያ ቅዳሜ ካለፈ እንደገና ከሀሁ መጀመር ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሊበን ሜዳ ላይ ጉያቱና ዩኑስ ሞተሩን ከብረት ማቆሚያ ጋር አሰሩት። በአሸዋ ጆንያ ግድግዳ ሠሩና የኦክስጅኑን ሲሊንደር ከኋላው አቆሙ። የሚያስነሳው ሰው እዚያ፣ ከሲሊንደሩ አጠገብ አጎንብሶ ሞተሩን በሽቦ ይለኩስና ቫልቩን ይከፍታል። ሌላው ሁሉ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ከአንድ ግራር ሥር ይቆማል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ፣ አባቷ አቶ ዶዮ በእግራቸው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። እሳቸው ብረት የሚባል ነገር ሜዳ ላይ ማየት አይወዱም። በሰማንያ ሦስት የደርግ ሠራዊት ሲበተን የጣለውን አንድ ነገር የበኩር ልጃቸው ዋቅጋሪ አንስቶ ነበር፤ እጁ ላይ ፈንድቶ ገደለው። ጉያቱ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተው አያውቁም፤ ስለ ሞተሯም ጠይቀው አያውቁም።

«ናጋ፣ ጉያቱ? ሰላም ነሽ?»

«ናጋ፣ አባ። ምነው በዚህ ፀሐይ?»

«ብረት ልታስጮሂ ነው አሉኝ። ሳይባረክ?» አሉና ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ የቅቤ ዕቃ፣ ጮጮ፣ አወጡ። ሙሉ ቅቤ ነበር። ቅቤውን በእፍኛቸው ዝቀው ወደ ሲሊንደሩ አንገት ሲዘረጉ ዩኑስ እንደ እብድ ዘለለ።

«ሂንቱቂና! አይንኩት አባቴ!»

ሽማግሌው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዩኑስን የሐፍረት ላብ አጠመቀው፤ በሽማግሌ ላይ መጮህ ቀላል አይደለም። ጉያቱ ፈጥና ገባች።

«አባ፣ ይሄ ውስጡ ያለው አየር ቅባት አይወድም። ቅቤ አፉ ላይ ካገኘ ክብሪት እንኳ አይጠብቅም።»

«ማን ይለኩሰዋል ታዲያ?»

«ራሱ።»

አቶ ዶዮ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ተቆጡ ብላ ስትፈራ እሳቸው ተገርመው ኖሯል። «ራሱ!» አሉ። «ውሃስ ይጠላል?»

«ለውሃ ግድ የለውም።»

«የላም ቅቤ ብቻ ነው?»

«የግመልም፣ የሞተር ዘይትም፣ የፀጉር ቅባትም። ሁሉም።»

«ማን ነው ከዚህ አጠገብ የሚቆመው?»

«እኔ ነኛ።»

«እጅሽን ቅቤ ቢነካውስ?»

«አልጠጋም። ቅቤ የነካው ሰው አይጠጋም፣ አባ፤ ሕጉ ነው።»

 የሽማግሌው ዓይን ከሲሊንደሩ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ልጃቸው ሄደ። «እንግዲያ ብረቱ ይቅር» አሉ። «ነይ፣ አንቺን ልባርክሽ።»

እሷ ቃል ብቻ መስሏት ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን ጮጮውን ገለበጡት። ቅቤው አናቷ ላይ፣ ጆሮዋ ላይ፣ አንገቷ ላይ ወረደ፤ በዚያ ፀሐይ ወዲያው ቀልጦ ወደ ሸሚዟ ገባ። «ናጋ ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ» እያሉ በሁለት እጃቸው አሹት። መዳፏን ሳይቀር ቀቡት።

ጉያቱ ቀና አለች። ሁለት ዓመት! ስድስት ወር ደብዳቤ! በንዴት ልትጮህ ምንም አልቀራት። አባት የቀባውን ቅቤ ፊቱ ላይ ቆሞ መጥረግ ደግሞ ከእሷ አይሆንም፤ ብትጠርገውም በአንድ ጀሪካን ውሃ አይለቅም። ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን አየና «መምህርት፣ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል» አላት፤ እሱም አዝኖላታል።

«ዩኑስ» አለች። «አንተ ክፈተው። ቀስ ብለህ። አምስት ቆጥረህ ዝጋ።»

ከአባቷና ከሃምሳ አለቃው ጋር ወደ ግራሩ ሄደች። በትንንሾቹ ሙከራዎች ሁሉ አጎንብሳ ቫልቭ ላይ ስላፈጠጠች እሳቱን በአካል አይታው አታውቅም ነበር። አሁን ዩኑስ ለኩሶ ከፈተ። መጀመሪያ ፉጨት መጣ፣ ከዚያ ሜዳውን ያንቀጠቀጠ ጩኸት። ከሞተሩ አፍ ቀጥ ያለ ነበልባል ወጣ፤ ውስጡም እንደ ጨሌ ተራ በተራ የተሰካኩ ብሩህ ነጥቦች ነበሩ። ስለ እነሱ አንብባለች፤ ነበልባሉ ከድምፅ ፈጥኖ ሲወጣ ብቻ ነው የሚታዩት። ነጥቦቹን ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት። የደስታ እንባዋ ከቅቤው ጋር ወረደ። ዩኑስ ዘጋው፣ ጸጥ አለ፣ ግድግዳው ሥር ሆኖ እንደ ሕፃን ሲጨፍር ታየ።

ያኔ ነው አባቷ ክንዷን አጥብቀው እንደያዙ ያስተዋለችው። የጣቶቻቸው ምልክት ቆዳዋ ላይ ቀርቷል።

«አባ፣ ሆን ብለው ነው የቀቡኝ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቅቤ የነካው ሰው አይጠጋም ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔም ቀባሁሽ።»