ለአማቱ የደቆሰው ድንች

ብሌንደሩ አጓርቶ አጓርቶ ቀጥ ሲል ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ ማንኪያ ሰደደ። ማንኪያው አልወጣም አለ። ሳብ ሲያደርገው ድንቹ እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ አብሮት መጣ፤ ለቀቅ ሲያደርገው ተመልሶ ሰመጠ። ግራ ገባው። የቀቀለው ድንች፣ የጨመረው ወተት፤ የወጣው ግን የወረቀት ሙጫ።

ሚስቱ ጋ ደወለ። ሚስቱ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ያን ቅዳሜ የቀን ተረኛ ነበረች። እሱ የሚነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይውላል።

"ድንቹ አኩርፏል" አላት።

"በምን ፈጨኸው?"

"በብሌንደር ነዋ።"

"ውይ የኔ ጌታ። በብሌንደርማ ይጎተታል። እማዬን ጠይቃት፤ እሷ ታውቅበታለች።"

"እሳቸውን?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት የሠራሁትን ሾርባ ሳይቀምሱ ነው የመለሱልኝ። ከእኔ እጅ መብላት አይፈልጉም።"

"እንደሱ አይደለም።"

"ታዲያ እንዴት ነው?"

"በሽተኛ እየጠራኝ ነው። ዛሬ ካልበላች ግሉኮስ መሰቀሉ አይቀርላትም፤ አደራህን።" ስልኩ ተዘጋ።

አማቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የላይኛው ጥርሳቸው ሲያሠቃያቸው ኖሮ በዚያ ሳምንት ሁሉንም አስነቀሉና፣ ድዳቸው እስኪድን ልጃቸው ቤት ሊሰነብቱ መጡ። ከመጡ ወዲህ ከሻይ በቀር የቀመሱት የለም። ሻዩንም ቢሆን ክፍላቸው ገብተው፣ በር ዘግተው ነው የሚጠጡት። ያን ዕለት ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ዞሮባቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እንዲያም ሆኖ ቦርሳቸውን አዘጋጅተው፣ "ከሰዓት በኋላ መነኸሪያ ቢያደርሱኝ ደስ ይለኛል፤ ቤቴ ብሆን ይሻለኛል" አሉት።

በአንቱታ ነው የሚያናግሩት። ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ "አንተ" ብለውት አያውቁም። ክፉ ቃል ወጥቷቸው ባያውቅም ጨዋነታቸው የቢሮ ጨዋነት ነው፤ ፈገግ ብለው አመስግነው መስኮቱን ይዘጋሉ። የሚያፈሰውን ጣሪያቸውን ጠግኖላቸዋል፤ በራቸውን ቀለም ቀብቶላቸዋል። መልሱ ሁልጊዜ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደከሙ" ነው። እሱም በልቡ፣ ለልጃቸው ሾፌር አላሰቡም ነበር ብሎ ደምድሞ ተቀምጧል።

"ምን አደረግኸው?" አለ አንድ ድምፅ ከኋላው።

ዞር ሲል አማቱ የወጥ ቤቱን በር ይዘው ቆመዋል። አፋቸውን እስከ አፍንጫቸው በሻርፕ ሸፍነው ብሌንደሩን ያያሉ። ወዲያው ደንገጥ ብለው አረሙ፦ "ምን አደረጉት ማለቴ ነው።"

"የመጀመሪያው ይሻለኛል፣ እማማ። ድንች እንዲህ ያበላሸ ሰው አንቱ አይባልም።"

ከሻርፑ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየም።

"ሌላ ድንች አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው ወንበር አምጣልኝ።"

ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ያዝዙት ጀመር። ድንቹን እኩል እኩል አስቆረጡት፤ "አንዱ በስሎ ሌላው ጥሬ እንዳይቀር" አሉ። ከቀዝቃዛ ውሃና ከጨው ጋር አስጣዱት። የላይ ጥርስ ስለሌላቸው አንዳንዱ ቃል ይሾልካቸዋል፤ እሱም ያልሰማውን እንደ ሰማ ሆኖ ያልፋል።

"ሚስትህ በልጅነቷ ቶንሲሏን አስወጥታ የከረመችው በዚህ ነው" አሉ ድንቹ መንተክተክ ሲጀምር። "አንድ ቀን ብፈልጋት ብፈልጋት ጠፋች። ለካ ሳህኗን ይዛ አልጋ ሥር ገብታለች።"

"ለምን?"

"አካፍዪኝ እንዳልላት።"

"አሁንም ያው ናት" አለ። "ጥብስ ከሠራች ድስቱን ከእኔ ራቅ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።"

ይኼኛው ሳቅ ነበር፤ በደንብ ሰማው።

ሹካ ሲወጉበት ድንቹ ያለ ትግል ተከፈለ። ውሃውን አጠለለ። ሊደቁስ ሲል፣ "ቆይ፣ መልሰህ ጣደው፤ እንፋሎቱ ይውጣለት። ውሃ ያዘለ ድንች አይጥምም" አሉት። ጣደና ድስቱን እያወዛወዘ ጠበቀ። ከዚያ በሹካ ይደቁስ ገባ።

"አትቸኩል፤ አስፋልት አይደለም የምትደለድለው።"

"እጄ ለመሪ ነው የተሠራው፣ እማማ።"

"እንግዲያው እንደ መሪው ያዘው፤ አታንቀው።"

የተደቆሰውን በወንፊት እያሳለፈ፣ በማንኪያ ጀርባ ሲገፋው ላብ በላብ ሆነ። ትንሽ ጓል እንኳ ድዳቸውን ያሳምማቸዋል። መጀመሪያ የገበታ ቅቤውን አስገቡት፤ ከዚያ የሞቀውን ወተት ጠብ ጠብ እያደረገ አማሰለው። በመጨረሻ ማንኪያውን ሲያነሳው ድንቹ ለስልሶ፣ ጫፉ ጠምዘዝ ብሎ ቆመ። ቀመሰው። ማንኪያውን ደግሞ ሰደደ።

"ልጅቷ አልጋ ሥር ብትገባ እውነቷን ነው" አለ።

በሁለት ሳህን አቅርቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አማቱ አንደኛውን አንስተው ተነሱ። "እኔ ክፍሌ ልብላው።"

ደስታው ወዲያው ሟሸሸ። ዝም ሊል ነበር፤ ግን አፉ ቀደመው። "እማማ፣ የማስቸግርዎ እኔ ነኝ? ከሆነ ውጭ ልውጣ፤ እርስዎ እዚሁ ይብሉ።"

አማቱ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። "አንተ አይደለህም" አሉ፤ ድምፃቸው ደከመ። "አፌ ነው። ሻይ ስጠጣ በመስታወት አየሁት፤ ከንፈሬ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የጠጣሁት ያመልጠኛል። የወለድኳት ልጅ እንኳ እንድታየኝ አልፈለግሁም። አንተ ደግሞ የሰው ልጅ ነህ። ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ተማሪ ፊት የቆምኩ ሴት ነኝ። እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም።"

ሾርባው፣ የተዘጋው በር፣ የተዘጋጀው ቦርሳ፣ ሁሉንም ሾፌሩ በራሱ ላይ ነበር የቆጠረው። "ምንም አይልም" ብሎ እንዳያጽናናቸው እፍረታቸውን ማቃለል ሆነበት። ብድግ ብሎ የጠረጴዛውን ሁለት ወንበሮች ወደ መስኮቱ አዞረና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከታች መንገዱ ይታያል።

"አውቶቡስ ውስጥ ሾፌርና ተሳፋሪ አይተያዩም" አላቸው። "ሁላችንም የምናየው መንገዱን ነው። እኔ ወደ ጎን አልዞርም። ይቀመጡ።"

ሳህኑን ይዞ ቀድሞ ተቀመጠና ዓይኑን መንገዱ ላይ ጣለ። ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ሻርፑ ሲፈታ፣ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማ።

ከታች ጎረቤታቸው ፀጉር ቆራጩ መኪናውን ሊያቆም ይታገላል። ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ወርዶ ያያል፣ ይገባል።

"ምኑን ነው የሚያየው?" አሉ አማቱ አፋቸው ሙሉ።

"ቦታው እየሰፋለት እንደሆነ ነዋ።"

አማቱ ሳቁ፤ ሳሉ፤ እንደገና ሳቁ። አንገቱ መዞር አማረው። ሳህኑን ጭኑ ላይ አስተካከለና ፀጉር ቆራጩን ማየቱን ቀጠለ።

ሚስቱ ደወለች። "በላች?"

"እየበላን ነው።"

"እውነትህን ነው? መነኸሪያስ? እሄዳለሁ ስትል አልነበር?"

ጥያቄው ከስልኩ አልፎ ተሰማ፤ ከጎኑ የማንኪያው ድምፅ ቆመ። "ስትመጣ ድንች ይዛ ትምጣ በላት" አሉ አማቱ። "ያለው ለነገ አይበቃንም።"

ፊታቸውን ማየት፣ የምራቸውን መሆኑን ማወቅ እንደዚያ ቅጽበት አምሮት አያውቅም። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

"ስትመጪ ድንች ያዢ" አላት ሚስቱን። "አንድ ፌስታል ሙሉ።"