ጃኬቱ የማን ነው?

ሰው የናቀኝን አልረሳም። ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለልኩ፣ ዕድሜዬን ሆሳዕና መናኸሪያ በተራ አስከባሪነት የጨረስኩ ማቴዎስ ነኝ፤ ግን አልረሳም። በወጣትነቴ ጃኬት ለብሼ ዘንጬ ገነቴ ቤት ሽማግሌ ብልክ፣ "ጃኬቱ የውሰት ነው፤ ባለቤቱ ይምጣ" ብላ መለሰቻቸው። ከተማው ሁሉ ሳቀብኝ። የውሰት መሆኑ እውነት ነው። ታዲያ እንዲህ ይባላል?

እሷ አስተማሪ ሆነች፣ አገባች፣ ባሏ ሞተ። እኔም ሚስቴን ቀበርኩ። ዘንድሮ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጩ አዶናይ "በስተርጅና ስለሚመጣ ፍቅር ፊልም ልሠራ ነው" ብሎ እኔን አፍቃሪ፣ ገነቴን ተፈቃሪ አደረገን። በመልኬ የተመረጥኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌሎቹ ሁሉ እምቢ ብለውት ነው።

ድርሰቱን ሳየው ልቤ ዘለለ። ሽማግሌዎች ገነቴ ቤት ይሄዳሉ፤ እሷ "እሺ" ትላለች። አዶናይ ለሽምግልናው ያዘጋጃቸው ጥጥ ጢም የለጠፉ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ።

"እነዚህን ተዋቸው፣ የራሴን አመጣለሁ" አልኩት።

ከቤተ ክርስቲያናችን አቶ ዕንባቆምን፣ ከሞርሲቶ የድሮ ሹፌር ወዳጄን ሀጂ ሙስጠፋን አመጣሁ። ካሜራው ለማስታወሻ ነው አልኳቸው እንጂ ስለ ፊልሙ አልነገርኳቸውም። እውነተኛ ሽማግሌ ፊት እሺ ካለች፣ ካሜራ ኖረም አልኖረም፣ አለቀ! ለአዶናይም ትንፍሽ አላልኩም።

ቀኑ ሲደርስ አዶናይ የራሱን ጃኬት አልብሶኝ ከገነቴ አጥር ውጭ አቆመኝ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ እኔ በአጥሩ ላይ አያለሁ።

"የመጣነው ለልጃችን ለማቴዎስ አንቺን ልንለምን ነው" አሉ አቶ ዕንባቆም።

"እሺ" አለች ገነቴ፣ ልክ እንደ ድርሰቱ።

ሀጂ ሙስጠፋ ከወንበሩ ተነሡ። "እሺ? ገና መቼ ተቀመጥንና!"

"ካት!" አለ አዶናይ። "ሀጂ፣ እዚህ ጋ 'ተባረኪ' ነው የሚሉት።"

"አንተ ዝም በል! የተከበረች ሴት በመጀመሪያው ቀን እሺ ትላለች እንዴ? 'ላስብበት፣ ተመለሱ' ነው የሚባለው። ሳንመላለስ ብንቀበል ሰው ምን ይለናል?"

"ፊልም ነው እኮ!"

"ፊልም?" አቶ ዕንባቆም ወደ አጥሩ ዞሩ። "ማቴዎስ! ከልቤ ነው አላልከንም?"

አዶናይ አፈጠጠብኝ። ገነቴም አየችኝ። ጃኬቱ ድንገት ጠበበኝ።

"ከልቤ ነው" አልኩ።

ገነቴ ቀስ ብላ እስከ አጥሩ መጣች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ይኼኛውስ የማን ነው?"

"የአዶናይ።"

"አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጃኬት መግዛት አቃተህ?"

ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ይኼንንም ከድሮው ቂሜ ላይ ደረብኩት።

"ቲቸር" አለ አዶናይ እየለመነ፣ "በቃ እሺ ይበሉና እንጨርስ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅብን ነው።"

ገነቴ ተመልሳ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ላስብበት" አለቻቸው ሽማግሌዎቹን። "ሐሙስ ተመለሱ። ካሜራውን ግን ተዉት።"

አዶናይ ራሱን ያዘ። የሀጂ ሙስጠፋ ፊት ግን በራ። "እንዲህ ነው እንጂ! ሴት ማለት ይቺ ናት!"

ፊልሜን አበላሸህ ብሎ አዶናይ ጃኬቱን ከላዬ ላይ ገፎ ወሰደ፤ አኩርፎኛል። ያኩርፋ! እኔ ከሐሙስ በፊት ገበያ ወጥቼ ጃኬት መግዛት አለብኝ። ሻጩ "ለልጅዎ ነው?" እንደሚለኝ ከአሁኑ አውቃለሁ።