ጠመኔው ለደካማው

ፋብሪካችንን የገደለውን ሰው ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር፤ እርሱም እኔን አያውቀኝም። የሳሙና ፋብሪካውን ደጃፍ አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ፣ የመቀቀያው ታንከር ሲፈላ ሳያይ፣ ቢሮው ተቀምጦ ለባለአክሲዮኖቹ የዋጋ ግምገማ ጻፈ። ፋብሪካው የቆመበትን መሬት ያህል እንኳ አያወጣም አለ። ባለአክሲዮኖቹም አመኑት፤ ማሽኖቹን እንደ ቁራጭ ብረት በኪሎ ሸጡ፤ ግቢውን ለመጋዘን አከራዩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የኖርሁበት ቤት ነበር። በግምገማው ውስጥ ግን ስም አልነበረኝም፤ «ነባሩ አስተዳደር» ተብዬ ታለፍሁ።

በመጨረሻው ስብሰባ መልስ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። የኬሚስትሪ ሰው ነኝ፤ ስለ ስብና ስለ አልካሊ ቢጠይቁኝ አዳራሹ እስኪሰለች እናገር ነበር። ስለ ኮርፖሬት ፋይናንስ ግን በአፌ ውስጥ አንድ ቃል አልተገኘም። ዝም አልሁ፤ ዝምታዬም እንደ ስምምነት ተቆጠረ። ስለዚህ ጡረታዬ እንደጸና፣ ያ ሰው ወደሚያስተምርበት የድኅረ ምረቃ የንግድ ትምህርት ቤት ሄጄ ተመዘገብሁ። ዲግሪ አልቸገረኝም። በሥራው ላይ ስህተት ካለ፣ በገዛ ተማሪዎቹ ፊት ከእኔ አፍ እንዲሰማው ነበር የፈለግሁት።

የመቀቀያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ከፋብሪካው መዘጋት ወዲህ የሚኖረው እኔ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ክራቫቴን አስሬ፣ መጻሕፍቴን በብብቴ ይዤ ስወጣ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ምሳ ዕቃ ልቋጥርልህ?» አለኝ።

«ሳቅ፣» አልሁት። «የሚስቅም ሰው ያስፈልገናል።»

በመጀመሪያው የትምህርት ወቅት የምሬን ተማርሁ። መምህሮቼ ሌሎች ነበሩና ደኅና ውጤት አመጣሁ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካችንን ግምገማ አውጥቼ መረመርሁት። ማግኘቱ አላስቸገረኝም፤ ሰውዬው «ፋብሪካ ለ» የሚል ስም ሰጥቶት በየዓመቱ እንደ መልካም ምሳሌ ያስተምርበታል። ስህተቱን በሁለተኛው ንባብ አገኘሁት። ከመጠን በላይ ቀላል ነበር፤ ቀላል በመሆኑም ይበልጥ አንገበገበኝ።

በሁለተኛው ወቅት ወደ ሰውዬው ክፍል ገባሁ። ከእኛ የቀደሙት ተማሪዎች «ዶክተር መቀስ» ይሉታል፤ የገመገመውን ድርጅት ሁሉ ቆርጦ ስለሚያሳንስ። አንድ ልማድም ነበረው። «ፋብሪካ ለ»ን በሚያስተምርበት ዕለት ጠመኔውን የሚሰጠው በአጋማሽ ፈተና መጨረሻ ለወጣው ተማሪ ነው። ያ ምስኪን ሰሌዳው ፊት ይንተባተባል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ከዚያ ዶክተሩ ጠመኔውን ተቀብሎ ስሌቱን አሳምሮ ይጨርስና ጥያቄ ሳይቀበል ይወጣል። ጎበዝ ተማሪ ያንን ሰሌዳ ነክቶት አያውቅም። እንግዲህ እኔ የክፍሉ መጨረሻ መሆን ነበረብኝ።

በትምህርት ዘመኔ ከአንደኛ ወርጄ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ መውረድ እንዲህ እንደሚከብድ አልጠረጠርሁም። ዶክተሩ ሲጠይቀኝ አፌን ከፍቼ ጣሪያውን አያለሁ። «አባታችን፣» ይለኛል፣ «እዚህ የሚመጡት ለትምህርት ነው ወይስ ቤትዎ ስለሚበርድ?» ክፍሉ ያሽካካል፤ እኔም አብሬ ፈገግ እላለሁ። ከጎኔ የምትቀመጥ የባንክ ሠራተኛ የሆነች ልጅ አዘነችልኝ። «አባባ፣ ከፈለጉ ቅዳሜ ላስረዳዎት» አለችኝ። እንቢ ብል ያስጠረጥራል ብዬ ሄድሁ። የነገ ገቢ በዛሬ ዋጋ እንዴት እንደሚመነዘር ረጋ ብላ፣ እርሳሷን እየቀረጸች አስረዳችኝ። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ፣ «እህ፣ እንዲህ ነው ለካ!» አልሁ።

ተቀናቃኝም አላጣሁም። የኋላው ወንበር ላይ የሚተኛ አንድ የነጋዴ ልጅ ነበር፤ እርሱ ያለ ምንም ድካም ይወድቃል። እርሱን ለማሸነፍ በፈተናው ላይ ትክክለኛውን መልስ ጽፌ መልሼ ሰረዝሁት። እጄ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ውጤቴን ያየው ወንድሜ ነው። «ሃያ ስድስት? ከመቶ? ጋሼ፣ አባታችን ይህን ቢያይ በገዛ ቀበቶህ ይገርፍህ ነበር።»

«መጨረሻ ነኝ?»

«ከመጨረሻም መጨረሻ ነህ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። በዓይኑ መረመረኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መሳቁን ተወ።

የ«ፋብሪካ ለ» ዕለት ደረሰ። ዶክተር መቀስ ጠመኔውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋ። «እስቲ አባታችን፣ ዛሬ ደግሞ ያዝናኑን።»

«አይዞዎት፣ አባባ» ስትል ልጅቷ አንሾካሾከች።

ሰሌዳው ፊት ቆምሁና ኮቴን አስተካከልሁ። «ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። በእርስዎ ስሌት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የአንድ ሳሙና ዋጋ ስንት ነው?»

«የዛሬው ዋጋ ነው። ዋጋውን ለሁሉም ዓመት አንድ አድርጌ ወስጃለሁ።»

«ገቢውን ወደ ዛሬ ለመመለስ የወሰዱትስ ምጣኔ?»

«የባንክ ወለድ ነዋ።»

«ባንኩ ወለዱን ሲተምን የሚመጣውን የዋጋ ንረት ያስባል?»

«እንዴት አያስብም? ባንክ ሞኝ ነው እንዴ?» ክፍሉ ሳቀ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። «እንግዲያው ባንኩ ዋጋ እንደሚንር ያውቃል፤ ሳሙና ሻጩ ግን አያውቅም።»

የሳቀ የለም። ዞሬ መጻፍ ጀመርሁ። ንረቱን ከወለዱ ላይ ቀነስሁ፤ ገቢውና ምጣኔው በአንድ ቋንቋ እንዲናገሩ አደረግሁና ዓመት በዓመት ወረድሁ። ከኋላዬ የባንኳ ልጅ በስልኳ እያሰላች ትከተለኝ ነበር፤ ከእኔ ቀድማም ጮኸች፦ «ከመሬቱ ዋጋ እጥፍ በላይ መጣ! ፋብሪካው መዘጋት አልነበረበትም!» የነጋዴው ልጅ እንኳ ነቃ።

ዶክተሩ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። አንዴ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ያችን ዝምታ አወቅኋት፤ የእኔ ነበረች። በመጨረሻ፣ «ማነዎት እርስዎ?» አለ።

«ነባሩ አስተዳደር ነኝ።»

ጠመኔውን መዳፉ ላይ አስቀመጥሁለት።

ቢሮው ሲያስጠራኝ በሩን ራሱ ዘጋ። ፈተናውን እንደገና እንደሚያርምልኝ፣ «ፋብሪካ ለ»ንም ከኮርሱ እንደሚያወጣ ነገረኝ። «እስከ ዛሬ ማንም አላየውም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ማየት ለሚችል ሰው ጠመኔ ሰጥተው አያውቁም። ፈተናዬ ይቆይ፤ የወደቅሁት ወድቄ ነው። ‹ፋብሪካ ለ›ም አይወጣም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«በየዓመቱ እንዲያስተምሩት። ጠመኔውን ለጎበዙ ይስጡ፤ ስህተቱ ሲገኝ ደግሞ የማን እንደሆነ በራስዎ አፍ ይናገሩ። አይሆንም ካሉ ስሌቱን ለባለአክሲዮኖቹ አሳያለሁ። ያንን ግምገማ በገንዘባቸው የገዙት እነርሱ ናቸው።»

«ይህ ጭካኔ ነው።»

«አዎን፣ ነው» ብዬ ባርኔጣዬን አነሣሁ።

በተከታዩ ዓመት ኮርሱን ደግሜ ተመዘገብሁ፤ የወደቀ ተማሪ መድገም ግዴታው ነው። በ«ፋብሪካ ለ» ዕለት ወንድሜም እንዲገባ አስፈቅጄ፣ የእኔን ኮት አልብሼ ይዤው ሄድሁና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። በፈተናው አንደኛ የወጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ጠመኔውን ተቀበለች፤ ጥቂትም ሳትቆይ ገቢው ላይና ወለዱ ላይ ክብ ሠርታ ግራ እንደተጋባች ወደ ዶክተሩ ዞረች።

ዶክተሩ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። «በዚህ ስሌት የተነሣ ደኅና ፋብሪካ ተዘግቷል።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ከኋላ አይሰማም።»