የበላይነሽ ልጅ ነኝ ባዮች

እኔ ዘፋኟ ሙሉብርሃን፣ ያኔ ስሜ ሲጠራ ከሞጆ እስከ አዋሽ እልል ይባል ነበር። ካላመናችሁ የዘመኑን ሰው ጠይቁ።

የሶማሌ ጦርነት በተፋፋመበት ዓመት ወደ ምሥራቅ ግንባር የሚሄደውን ጦር በዘፈን እንድንሸኝ ከኪነት ቡድናችን ጋር ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ተላክን። ቤተሰብ ከአጥር ውጪ ቀርቷል። ወታደሩ በየመስኮቱ ተደራርቧል። አዛዣቸው ሻምበል ደግሞ "የሚወርድ ወዮለት!" ብሏል።

ከጣቢያው ጎን ሻይ የሚሸጡት እማማ በላይነሽ ከበሮአችንን ተሸክመው፣ የኪነት ቡድኑ አባል መስለው ገቡ። በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረዋል።

"ልጄ ንዋይ እዚህ ባቡር ላይ ነው። ዓይኑን አይቼው ይሂድ" አሉኝ።

"ቀላል ነው! በሽለላ እጠራዋለሁ፣ እየፎከረ ይወርዳል። ፎካሪን መሀል ላይ ማቆም ነውር ነው፤ ሻምበሉም አይደፍርም።"

"ዓይነ አፋር ነው እኮ ልጄ።"

"የእኔን ድምፅ ሰምቶ የሚቀመጥ ወንድ አልተወለደም!"

ማይኩን ይዤ አቀለጥኩት። "የበላይነሽ ልጅ፣ ወዴት አለህ?" ስል፣

"ዘራፍ! የበላይነሽ ልጅ!" እያለ አንድ ግዙፍ ወታደር ዘሎ ወረደ። እሱ ሳይጨርስ ሌላው፣ ከዚያ ፉርጎው በሙሉ። ለካ ሁሉም እግሩን ማፍታታት አምሮታል!

"እኚህ ሴትዮ ስንት ልጅ ነው የወለዱት?" ብሎ ሻምበሉ አፈጠጠ።

ወታደሮቹ እየተሻሙ እማማን ሳሟቸው። እሳቸውም "እሰይ የኔ ልጅ" እያሉ ጉንጫቸውን ይሰጣሉ፤ ዓይናቸው ግን ይንከራተታል። ንዋይ የለም።

ባቡሩ ጮኸ። እኔው ባመጣሁት ግርግር ልጃቸውን ሳያዩት ሊሄድ ነው! ቀና ስል ፉርጎው ባዶ ነው፤ አንድ መስኮት ላይ ብቻ አንድ ቀጭን ልጅ አቀርቅሮ ጆሮውን ያካል።

"እማማ! ያውልዎት!"

ሮጡ። ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፣ ቆሎውን አስታቀፉት።

"ምነው ሳትወርድ?"

"እንዴ እማዬ፣ በሰው ፊት?"

ሌሎቹ እየተጋፉ ተሳፈሩ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከየመስኮቱ "ደህና ሁኑ እማማ በላይነሽ!" ተባለ። ሙሉብርሃን ያለ አንድም የለም። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ።

ባቡሩ ራቅ ሲል አንዲት ቀጭን ድምፅ ተከትላ መጣች። "ዘራፍ! የበላይነሽ ልጅ!"

"ሰማሽው?" አሉ እማማ፣ ክንዴን ጨምድደው። "ንዋይ ነው እኮ!"

"ሰማሁት" አልኩና ማይኩን አጥፍቼ አለቀስኩ።